ጥቅምትን ከልጆች ጋር፦ ከመልካ ቁንጥሬ እስከ አሞራ ገደል

ቅዳሜ

ወፍ ማየት የፈለገ ሰው በጥቅምት ይውጣ። ክረምቱ አልፏል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ መሬቱ ግን ገና አረንጓዴ ነው። አውሮፓና እስያ ደግሞ ብርዱ እየገባ ስለሆነ እዚያ የከረሙት ወፎች ወደ እኛ የሚወርዱበት ወቅት ነው። በስምጥ ሸለቆና በቀይ ባሕር መስመር የሚያልፉት ንስሮች፣ ሽመላዎችና ሌሎች ትልልቅ ወፎች ብቻ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ናቸው። የፍልሰተኛ ወፎች ቀን በመላው ዓለም በኦክቶበር ሁለተኛ ቅዳሜ የሚከበረውም ያለ ነገር አይደለም። እኛ የወጣነው ከእሱ በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

እኛ ማለት የአንድ ኮንዶሚኒየም ወላጆችና ልጆች፣ አንድ ኮስተር ሙሉ። ሰኞና ማክሰኞን ከትምህርት ቤት ያስፈቀድነው ልጆቹ ሲመለሱ ያዩትን በክፍላቸው ሊያቀርቡ ቃል ገብተው ነው። የመንገዱን ሁኔታ ደዋውለን አጣርተናል። ዋናዋ ሰው ግን እናት አባት አይደሉም። ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህርት ናቸው። ግቢው ሁሉ "ቲቸር" ነው የሚላቸው።

ቲቸር ገና ከተማውን ሳንወጣ ሕግ አወጡ። "ስም መጨረሻ ላይ ነው።" ልጅ ወፍ ሲያይ መጀመሪያ ያየውን ይናገራል። መጠኑን፣ ምንቃሩን፣ የእግሩን ቀለም፣ ምን እየሠራ እንደሆነ። ስሙ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። "ስሙን ቀድማችሁ ከነገራችኋቸው ማየት ያቆማሉ" አሉን ለወላጆች። ለልጆቹም ሥራ አከፋፈሉ። አንዱ ቆጣሪ፣ አንዷ ጸሐፊ፣ አንዱ ሰዓት ያዥ፣ አንዷ ሠዓሊ። ሥራው በየቀኑ ይዞራል። ሕጉን ሲጥሱ የሚያዙት አብዛኛውን ጊዜ አባቶች ነበሩ። ስልካቸውን አውጥተው ጎግል እያደረጉ ስም ይጠራሉ።

መልካ ቁንጥሬ በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዋሽ ዳር ያለ ሥፍራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ባልጩት ከሚባለው ሌላ ሥፍራ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ1963 ቦታውን ያገኘው አርኪዮሎጂስት አይደለም። ጄራርድ ዴከር የሚባል የኔዘርላንድ የውሃ ባለሙያ ነው። ይህን የሰማ የሰባት ዓመት ልጅ ከዚያ በኋላ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። ያገኘውን ጠጠር ሁሉ "ይሄስ?" ይላል።

ጎጆ መሰል የሆኑት የሙዚየም ክፍሎች ውስጥ ከባልጩት የተሠሩ መሣሪያዎች አሉ። ባልጩት እሳተ ገሞራ የፈጠረው ጥቁር መስታወት ነው። ሲሰበር ጠርዙ ምላጭ ይሆናል። ልጆቹን የያዛቸው ግን መሣሪያው ሳይሆን ጎምቦሬ በሚባለው ቦታ የተገኘው የእግር ዱካ ታሪክ ነው። ከ700 ሺህ ዓመት በፊት ኩሬ ዳር ጭቃ ላይ የታተመ ዱካ። የትልልቅ ሰዎች አለ፣ የሕፃናት አለ። ጉማሬም ወፍም ረግጠውታል። ዕድሜውን የነገረን በአካባቢው ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። አዋቂዎቹ እዚያው ጉማሬ ይበልቱ እንደነበርም ከአጥንቱና ከመሣሪያው ይታወቃል።

"ታዲያ ሕፃናቱን ለምን ይዘዋቸው መጡ?" አለ የጎረቤታችን ልጅ።

"አንተንስ ለምን ይዘንህ መጣን?" አሉት ቲቸር። ልጁ ዝም ብሎ አሰበበት። "ቤት ማን ይጠብቀኛል?" አለ በመጨረሻ። ከዚህ የተሻለ መልስ ያለው ተመራማሪ ካለ ብሰማው ደስ ይለኛል።

ጢያ ብዙ አልቆየንም። 36ቱ ትክል ድንጋዮች ቀን ሙሉ ሊያስቆሙ የሚችሉ ናቸው፤ ልጆቹ ግን ርቧቸዋል። የተራበ ልጅ ቅርስ አያይም።

ከቡታጅራ አለፍ ብሎ ማሽላ ማሳ አጠገብ አንድ ትንሽ ቀይ ወፍ ኮስተሩን አስቆመን። ሆዱ ጥቁር፣ ጀርባው እንደ ፍም። "የመስቀል ወፍ!" አለ አንዱ አባት ሕጉን ረስቶ። የመስቀል ወፍ የሚባለው በየአካባቢው የተለያየ ወፍ ነው። የዚህኛው ምሥጢር ግን ልጆቹን አስገርሟቸዋል። በዓመት አንዴ የሚመጣ እንግዳ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነው ያለው። ወንዱ ለመራቢያው ወቅት ቀይ ላባ ያወጣል፣ ወቅቱ ሲያልፍ ይረግፍና ድንቢጥ መስሎ ይኖራል። "ስለዚህ እኛ ነን የማናየው?" አለች ትንሿ ልጄ። ሴቷ ወፍ ደግሞ እዚያው ማሽላው ላይ ነበረች። ቡናማ ስለሆነች ማንም አልቆጠራትም። ጸሐፊዋ ይህን ስትሰማ ተናዳ መዝገቡ ላይ ከፍ አድርጋ ጻፈቻት።

ሽመላዎቹን ያየናቸው ወደ ባቱ (ዝዋይ ከተማ) ስንቃረብ ነው። የታረሰ መሬት ላይ ተበትነው ነበር። ነጭ፣ ክንፋቸው ጫፉ ጥቁር፣ ምንቃራቸውና እግራቸው ቀይ። ቲቸር መግለጫውን ከልጆቹ ከሰበሰቡ በኋላ አንድ ታሪክ ነገሯቸው። ድሮ አውሮፓውያን ወፎቹ በብርድ ወራት የት እንደሚገቡ አያውቁም ነበር። ኩሬ ሥር ይተኛሉ የሚልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1822 ጀርመን ውስጥ አንድ ሽመላ ተገደለ። አንገቱ ላይ የተሰካ ረጅም ቀስት ነበረው። ቀስቱ ከአፍሪካ ነው። ወፉ ተወግቶ፣ ከነቀስቱ ባሕር ተሻግሮ አገሩ ገብቷል። ኮስተሩ ውስጥ ለትንሽ ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ "አላመመውም?" የሚለው ጥያቄ እስከ ባቱ ድረስ ቀጠለ።

እሁድ

ግማሹ ሰው ቅዳሴ ሄደ፣ ግማሹ ሐይቁ ዳር ወረደ። የዝዋይ ሐይቅ ጠዋት ጠዋት ሥራ የበዛበት ቦታ ነው። ጀልባ ይገባል፣ ቆሮሶ የሚባለው አሳ ይራገፋል፣ ቢላዋ ይሳላል። የአሳው ትርፍራፊ ወደሚጣልበት ፔሊካኖቹ ይተራመሳሉ። አጠገባቸው አባ ኮዳ ቆሟል፤ ራሱ መላጣ፣ አንገቱ ላይ ኮሮጆ የተንጠለጠለበት። ልጆቹ እሱን ሲገልጹ ምን እንዳሉ ባልጽፈው ይሻላል።

እዚህ ነው መቁጠር የተማሩት። መንጋ አንድ በአንድ አይቆጠርም። አሥሯን በዓይንህ ትይዛለህ፣ ምን ያህል ቦታ እንደያዙ ታያለህ፣ ከዚያ ያንን ቦታ መንጋው ላይ እየደጋገምክ ትሄዳለህ። ቀላል ይመስላል። ፔሊካኖቹ ግን ቆመው አይጠብቁም። ቆጣሪው ሦስት ጊዜ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ካቆመ በኋላ ዘዴ አገኘ። የስልክ ፎቶ አንስቶ ፎቶው ላይ ቆጠረ። ቲቸር ፊታቸው በራ።

ምሳ ላይ የጽጌን ጾም የያዙት በአትክልት አለፉ፣ ሌላው አሳ ጥብሱን ተረባረበበት። ከዚያ የቀይ ጥቅል ጎመኑ ነገር ተጀመረ።

ይህን ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው፤ ማንም ወላጅ ሊሠራው ይችላል። ቲቸር ቤታቸው ቀይ ጥቅል ጎመን ከትፈው፣ ቀቅለው፣ ውሃውን አጥልለው በፔርሙዝ ይዘው መጥተዋል። ሐምራዊ ውሃ ነው። ሎሚ ሲጨመርበት ሮዝ ይሆናል፤ አሲድ ነዋ። የሳሙና ውሃ ሲነካው ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል፤ ሳሙና እንደ ሶዳ የአሲድ ተቃራኒ፣ ቤዝ ነዋ። ልጆቹ መጀመሪያ በእነዚህ ተለማመዱ። ከዚያ ከየሐይቁ በላስቲክ ጠርሙስ ውሃ እየቀዳን የጎመኑን ውሃ እኩል በእኩል እንጨምራለን። የታሸገው የመጠጥ ውሃ ሐምራዊ እንደሆነ ቀረ። የዝዋይ ሰማያዊ ሆነ። ጠርሙሶቹን የኮስተሩ የፊት መስታወት ሥር ደርድረን ወደ ደቡብ ቀጠልን።

የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው። ጭቃው ስለማይጠል ነው እንጂ ቆሻሻ ሆኖ አይደለም። ጎመኑ ሰማያዊ አረንጓዴ አለ። አቢጃታ ስንደርስ ግን ጠርሙሱ እንደተነካ ቁልጭ ያለ አረንጓዴ ሆነ። ልጆቹ ጮኹ።

ምክንያቱን ቲቸር በዱላ መሬት ላይ ሣሉላቸው። ከዝዋይ ቡልቡላ ወንዝ ይወጣል፣ አቢጃታ ይገባል። ከላንጋኖም ሆራ ከሎ ይመጣል። አቢጃታ የገባ ውሃ ግን መውጫ የለውም። ፀሐይ ውሃውን ታነሳለች፣ ጨውና ሶዳው ይቀራል። ይህ ለብዙ ሺህ ዓመት ሲደጋገም ሐይቁ እንዲህ ይሆናል። በዚያ ላይ ለመስኖና ሶዳ አሽ ለሚባለው የፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ሲሳብ የኖረ ውሃ አለ። ሐይቁ ሸሽቷል። ከመኪና ወርደን ነጭ ቅርፊት በቅርፊት የሆነ መሬት ላይ ረጅም መንገድ ሄድን። እግር ሥር ይንኮሻኮሻል። ሹፌራችን ልጅ ሳሉ ውሃው የት ድረስ ይደርስ እንደነበር በእጃቸው ሲያሳዩን ወደ ኋላችን ነበር የጠቆሙት። ቀድሞ ፔሊካኖች በአጎራባቹ ሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ጎጆ ሠርተው አሳ ለማጥመድ ወደ አቢጃታ ይበሩ ነበር። ጨዉ ሲበረታ አሳው ጠፋ፣ እነሱም ቀሩ።

ፍላሚንጎዎቹ ግን አሉ። አሳ አያስፈልጋቸውም። ሶዳማ ውሃ ውስጥ የሚራቡትን ደቂቅ ዘአካላት ነው የሚያጣሩት፤ ጭንቅላታቸውን ገልብጠው፣ ምንቃራቸውን እንደ ወንፊት ተጠቅመው። ሮዝ ቀለማቸው ከዚያ ምግብ የሚያገኙት ካሮቲኖይድ የሚባል ማቅለሚያ ነው። ጫጩቶቻቸው ግራጫ ናቸው። በባይኖኩላር አንዷን ብቻ ለረጅም ጊዜ ካያችሁ እግሯ ጭቃውን እንደሚያማስል ታያላችሁ። ልጆቹ በሁለት ቡድን ቆጠሩ። አንዱ 400 አለ፣ ሌላው 650። ተጨቃጨቁ። ጭቅጭቁ ማታም አላለቀም።

ሻላን ከላይ ነው ያየነው፣ ከዚያ ፍል ውሃው ድረስ ወረድን። ይህ ሐይቅ እሳተ ገሞራ ተደርምሶ የቀረ ጎድጓዳ ነው። ጥልቀቱ 266 ሜትር ይደርሳል፤ ዝዋይ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 9 ሜትር ገደማ ነው። ፍል ውሃው ዳር አንድ እረኛ ልጅ የበቆሎ እሸት በገመድ አስሮ እየቀቀለ ነበር። የእኛዎቹ ስለ መሬት ውስጥ ሙቀት ብዙ የሚያውቁ መስሏቸው ያብራሩለት ጀመር። እሱ ደግሞ የትኛው ጉድጓድ በቶሎ እንደሚያበስል፣ የትኛው ጋ ቅርፊቱ ስስ ስለሆነ መቆም እንደማያስፈልግ ነገራቸው። በቆሎውንም አካፈላቸው።

ሰኞ

ይህ ቀን የጀመረው እሁድ ማታ ነው ማለት ይቻላል። ላንጋኖ ዳር አደርን። ጨረቃ የለችም። ከእራት በኋላ ባይኖኩላሩን ወደ ሰሜን ምሥራቅ አቅንተን አንድሮሜዳ የሚባለውን ጋላክሲ ፈለግን። ደብዘዝ ያለ ጭላንጭል ነገር ነው፤ ልጆቹም "ይሄ ብቻ?" አሉ። ቲቸር ብርሃኑ ከዚያ የተነሣው ከ2.5 ሚሊዮን ዓመት በፊት መሆኑን ሲነግሯቸው ጸሐፊዋ መዝገቧን ገለጠች። መልካ ቁንጥሬ ላይ ጋርባ በሚባለው ቦታ የተገኘው የሕፃን መንጋጋ 2 ሚሊዮን ዓመት ነው ብላ ጽፋ ነበር። "ብርሃኑ መንገድ ሲጀምር ያ ሕፃን አልተወለደም" አለች። ማንም አልነገራትም፤ ሁለቱን ቁጥሮች ራሷ አገናኘቻቸው። እኔ ለዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ስል ጉዞውን ሁሉ እንደገና እከፍልበታለሁ።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ቀሰቀስናቸው። ኦሪዮን አናታችን ላይ ወጥቷል። ኦሪዮኒድ የሚባሉት ተወርዋሪ ከዋክብት በየዓመቱ በዚህ ወቅት ይታያሉ። ከፍተኛው ሌሊት ጥቅምት 11 ገደማ ነው፤ እኛ ትንሽ ቀድመናል። ኮከብ ግን አይደሉም። ሃሌይ የተባለው ጅራታም ኮከብ እየበተነ ያለፈው ብናኝ ነው። ምድር በዚያ ውስጥ ስታልፍ ብናኙ በሴኮንድ 66 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከአየር ጋር ይጋጭና ይነዳል። ቴሌስኮፕ አያስፈልግም፣ እንዲያውም ያስቸግራል። ጀርባ ላይ ተንጋሎ ሰፊውን ሰማይ ማየት ነው። ብርድ ልብስ ግን ያስፈልጋል፤ የጥቅምት ንጋት ቀልድ አያውቅም።

አንዱ ልጅ ሃሌይ መቼ እንደሚመለስ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ2061። በጣቱ ቆጠረ። "አርባ አምስት ዓመቴ! ሽማግሌ እሆናለሁ" አለ። አርባ አምስት ያለፍን ወላጆች ሳል ሳል አደረግን።

ከቁርስ በኋላ እንቅልፍ እያንገላታን ሀዋሳ ገባን። ፍቅር ሐይቅ አካባቢ የአንድ ሰፈር የተፈጥሮ ክበብ ልጆች እየጠበቁን ነበር። ቀድመን ተነጋግረን ነው። ጉሬዛና ጦጣ እያሳዩን የሐይቁን ዳር ይዘን ሄድን። የእኛ ልጆች ዝርዝራቸውን በኩራት ሲያሳዩ የሀዋሳዎቹ ዛፍ ላይ ያለ ወፍ በድምፁ ብቻ ይለዩ ነበር። ኩራቱ በረደ። በየመንገዱ የላስቲክ ጠርሙስና ፌስታል ለቀምን፤ ይህም በዓይነት በዓይነት ተመዘገበ። እዚህ ላይ የአንዳንድ ወላጆች ነገር አልገባኝም። ልጆቻቸው ቆሻሻ ሲለቅሙ ቆመው ፎቶ ያነሳሉ።

ከዚያ ጎመን። ቲቸር ጠርሙሱን ከመሙላታቸው በፊት ግምት ጠየቁ። ሀዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። ስለዚህ እንደ አቢጃታ አረንጓዴ ይሆናል አሉ ልጆቹ፣ ያለ ምንም ጥርጣሬ። የሀዋሳ ልጆችም ተስማሙ። ውሃው ተጨመረ። ሰማያዊ ሆነ። እንደ ዝዋይ።

ዝምታ ሆነ። ከዚያ ክስ ተጀመረ። ጎመኑ አርጅቷል፣ ጠርሙሱ ተቀያይሯል፣ ቀጂው ከዳር ነው የቀዳው። ቲቸር አልተከራከሩም። "ድገሙት" አሉ ብቻ። ደገሙት፤ ያው ሰማያዊ። ለካ የሐይቁ ውሃ በመሬት ውስጥ ለውስጥ እየሰረገ ይወጣል፣ ጨዉንም ይዞት ይሄዳል ነው የሚባለው። ይህን መልስ ያገኘው የሀዋሳ ልጅ ነው። "ታዲያ ከሥር ቀዳዳ አለዋ" አለ በቃ። መጽሐፍ ይዞ የመጣ ሰው ከዚህ አሳጥሮ አይናገረውም።

ማክሰኞ

የሀዋሳው አሞራ ገደል ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነው መድረስ። የአሳ ገበያው ያን ጊዜ ይሞቃል። አንድ አሳ አጥማጅ ቆሮሶ ሰንጥቆ ለልጆቹ አሳያቸው። ስንጥቡ ቀይና ላባ መሳይ፣ ለምን ቀይ እንደሆነ ራሳቸው ደረሱበት፤ ደም ነው፣ ኦክስጅን የሚገባው በዚያ ነው። ከዚያ ነጭ የአየር ከረጢቱን አወጣው። በዚህ ነው ሳይሰምጥ፣ ሳይንሳፈፍ መሐል የሚቆመው። አንዷ ልጅ በጣቷ ጫን አድርጋ ነካችው፣ ዘለላትና ጮኸች፣ ደግማ ነካችው።

አባ ኮዳዎቹ በዙሪያችን እንደ ዘበኛ ቆመዋል። ክንፋቸው ሲዘረጋ ከሁለት ሜትር ተኩል ሊበልጥ ይችላል። ራሳቸው መላጣ የሆነው ጥንብ ውስጥ ሲገባ ላባ እንዳይበከል ነው ይባላል። እግራቸው ለምን ነጭ እንደሆነ ልጆቹ ጠየቁ። ቲቸር ትንሽ ቆም ብለው መለሱ፤ እግራቸው ላይ ይጸዳዳሉ፣ እርጥበቱ ሲደርቅ ያቀዘቅዛቸዋል። ከዚህ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ሌላ ነገር ማስተማር አልተቻለም። ልጆቹ ክፍላቸው ሄደው መጀመሪያ የሚያቀርቡት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

መመለሻውን በባቱ፣ በመቂ በኩል በፈጣን መንገዱ ያዝነው። አብዛኛው ሰው ተኛ። ያልተኙት ዝርዝሩን ኢበርድ የሚባለው የወፍ መመዝገቢያ ላይ ይሞሉ ነበር። አቢጃታ ላይ ተጣበቁ። አፑ ለፍላሚንጎ አንድ ቁጥር ይፈልጋል። 400 ወይስ 650? አንዱ አባት አማካዩን ጻፉ አላቸው። ቲቸር አልተስማሙም፤ ማንም ያልቆጠረው ቁጥር ይሆናል። ቁጥሩን ትቶ "ታይቷል" ብሎ ብቻ ማስገባትም ይቻላል። ልጆቹ ይህንን ጨርሶ አልተቀበሉትም፤ ያን ሁሉ ቆጥረን? ብለው። ሞጆ ስንደርስ 400ን አስገብተው፣ ሌላ ቡድን 650 ቆጥሯል የሚል ማስታወሻ ሥሩ ጻፉ። የ400ዎቹ ቡድን አሸነፍን ብሎ አጨበጨበ፤ ቲቸር ገሠጿቸው።

በየዓመቱ በጃንዋሪ በመላው ዓለም የውሃ ወፎች ቆጠራ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የሚካሄድ ነው። ለዚያ ጊዜ ቢሾፍቱ ላይ፣ ጨለለቃ ሐይቅ ዳር ደርሶ መልስ ለመሄድ ኮስተሩ ውስጥ ተስማማን፤ ሹፌራችንም "እኔ አለሁ" አሉ። አንዱ ልጅ ብቻ ሰዓቱ ከመንፈቅ ፈተና ጋር እንዳይጋጭ ፈርቷል። እናቱ ደግሞ እንዲጋጭለት የሚጸልይ መሆኑን ጠርጥራለች።